ስለማይነሣ ኮምፒዩተርና ምክንያትን ስለ መመርመር

ማናቸውም መሣሪያ ሥራውን ባቆመ ጊዜ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «በምን ይድናል?» ብሎ ነው እንጂ «ምን ነገር ተለወጠበት?» ብሎ አይደለም። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ከብልሽቱ ይልቅ የችኩል ጥገናው ጥፋት ይከፋል።

በአዲስ አበባ በቦሌ መድኃኔዓለም ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር በ2004 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ ሱቅ በተገዙ ዕቃዎች የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ነበራቸው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዊንዶስ ኤክስፒ ነው፤ ይኸውም በ1994 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ሠሪው ማይክሮሶፍት መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ድጋፉን ያቆመበት ነው። መምህሩ ግን ያልለወጡት በስንፍና አልነበረም። የግዕዝ ፊደል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከመግባቱ በፊት የወጡት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ አስቀምጠውት ነበርና፣ በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ የራሱ ፎንት በሌለበት ቢከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። መምህሩም የትውልድ አገራቸውን ታሪክና የዘር ሐረግ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ የጻፉት እንዲህ ባለው መጻፊያ ነበር፤ ከነገሯቸውም ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

አንድ ጊዜ መምህሩ ገመዱን ነቅለው ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመለሱ ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ። ማራገቢያው ይዞራል፤ የዊንዶስም ምልክት ብቅ ይላል፤ ወዲያው ግን ሰማያዊ ገጽ ይመጣና እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንዱ ጎረቤት «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» አለ። ሁለተኛው «ፎርማት ተደርጎ ዊንዶስ 10 ይጫንበት» ብሎ መከረ፤ የዚህም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ነው። በዚያው ሰፈር ያደገ አንድ ወጣት ግን «አባባ፣ ቢፈቅዱልኝ ምንም ሳልደመስስ አስቀድሜ ልመርምረው» አላቸው።

ምርመራውንም በተራ አደረገ። ኃይል መኖሩን ማራገቢያው መስክሯል። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ቢያገናኘው ጽሑፎቹ ሁሉ በሥፍራቸው ተገኙ፤ በዚያውም ገልብጦ አስቀመጣቸው። እንግዲህ ዲስኩ ካልሞተ፣ የሰማያዊው ገጽ ቍጥር መጨረሻ 7ቢ መሆኑ ሲስተሙ የሚነሣበትን ዲስክ ለመድረስ አለመቻሉን ያመለክት ነበር። ምክንያቱን የገለጠው ሰዓቱ ነው፤ ዓመቱ ብዙ ወደ ኋላ ተመልሶ ተገኘ።

በማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። ገመዱ በተነቀለ ጊዜ ሰዓቱንና የአነሣሡን ሥርዓት የምትጠብቅ እርስዋ ናት። እርስዋ በደከመች ጊዜ ማዘርቦርዱ ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ሥርዓት ተመለሰ፤ በዚያም ሥርዓት ዲስኩ የሚነበበው ኤኤችሲአይ በተባለው መንገድ ነው። ኤክስፒ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ድራይቨር ከራሱ ጋር የለውም፤ የገጣጠመውም ባለሙያ አስቀድሞ አይዲኢ ወደሚባለው የቀድሞ መንገድ ለውጦት ነበር። ባትሪዋ ተለውጣ፣ ሥርዓቱም ወደ አይዲኢ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ተነሣ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ፎርማት ተደርጎ ሌላ የተጻፈበት ዲስክ ግን ተለቅሞ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ባትሪ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል፤ የሞተ ሽማግሌ ግን ሁለተኛ አይጠየቅም።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ መነሣቱ ብቻ አይበቃም። ድጋፍ ያጣ ሲስተም አዲስ የደኅንነት መጠገኛ አያገኝምና ከኢንተርኔት መለየት ይገባዋል፤ ዕቃውም ያረጃል። ስለዚህ መምህሩና ወጣቱ ጽሑፉን ገጽ በገጽ ወደ ዩኒኮድ እየመለሱ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እያረመ፣ በወረቀትም እያተሙ ይገኛሉ። አሮጌ መሣሪያን በእውቀት መጠበቅ መልካም ነው፤ በውስጡ ያለውን ቃል ወደሚኖርበት ቦታ ማሻገር ግን ከዚያ ይበልጣል።