እምቢ ባይ እንግዳ

በቤቴ የመስታወት ገንዳ የሚኖረው ራሚሬዚ የተባለ ድንክ ሲክሊድ ዓሣ ዘሩ ከኦሪኖኮ ወንዝ ተፋሰስ ነው። ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆንም ኩራቱ የትየለሌ ነው፤ ደረቁን የፋብሪካ ምግብ ጎርሶ ይተፋዋል። ስለዚህ የአርቴሚያን፣ የዚያችን ደቂቅ የጨው ውሃ ፍጥረት እንቁላል እዘፈዝፋለሁ፤ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የሚንቀሳቀሰውን ሲያይ ይበላል። «አፈር ስሆን!» እያልን ማጉረስ ለለመድን ሰዎች እንዲህ መጠበቅ ይከብዳል። ነገር ግን ያልተበላ ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይወጣዋል፤ ከፍቅር ብዛት የተጨመረው ዓሣውን ይመርዘዋል።

በሕክምና ሥራዬ፣ ልጆች በሞት አፋፍ ያሉ ወላጆቻቸውን ለማጉረስ ሲታገሉ አያለሁ። መዋጥ የተሳነው ጉሮሮ እህሉን ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። እናቴም በስደት ቤቴ በመጨረሻ ወራቷ ማዕድ ገፋች። አጥሚት በሻይ ማንኪያ አቀርብላት ነበር። ስትፈቅድ ትቀምሳለች፤ ሳትፈቅድ ሳህኑን አንሥቼ፣ እጇን ይዤ እቀመጥ ነበር።