ደላላው ያለው 2.5 በመቶ

የማኅበራችንን የብድር ስሌት የምሠራው እሁድ እሁድ ነው፤ ማዳም የምትለቀኝ በዚያ ቀን ስለሆነ። አንዷ እህታችን ለመምጫ 60,000 ብር ተበድራ በወር 6,500 እየከፈለች በ12 ወር ትጨርሳለች። ደላላው «ወለዱ በወር 2.5 በመቶ ብቻ ነው» ብሏታል። ስታዩት ልክ ይመስላል፦ ወለዱ 18,000፣ ድምሩ 78,000። ግን ዕዳዋ በየወሩ እየቀነሰ እሱ ወለዱን የሚያስበው በሙሉው 60,000 ላይ ነው። እውነተኛው በወር 4.3 በመቶ ገደማ ይመጣል። አራጣ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ይህ ቁጥር በቀጥታ ቀመር አይወጣም፤ እየገመቱ፣ እየተጠጉ ነው የሚገኘው። ፕሮግራማችን በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ፍለጋውን የሚሠራለት ግን ጂኤስኤል የሚባል በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነፃ የሒሳብ ላይብረሪ ነው። ጎበዝ ነው፣ ጠባዩ ግን ከባድ ነው።

ፓይተን ችግር ሲገጥመው ይጮኻል፤ ሰምተን እናስተካክላለን። ጂኤስኤል ግን ካልከለከሉት ስህተት ሲያይ አንድ መስመር ጽፎ ፕሮግራሙን በሙሉ ይገድለዋል። 12 ወር በሚለው ቦታ 2 ቢጻፍ ክፍያው ብድሩን እንኳ አይሞላም፤ ፍለጋው መልስ የሚያገኝበት ቦታ የለም። ያኔ ያልተቀመጠው የሌሎች ሴቶች መዝገብም አብሮ ይጠፋል። የፓይተን ትራይና ኤክሴፕት አያድኑም፤ የሚይዙት ነገር የለማ፣ ቤቱ ራሱ ፈርሷል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያንን ገዳይ የስህተት ተቆጣጣሪ አጠፋዋለሁ። ከዚያ በኋላ ላይብረሪው ቁጥር ብቻ ይመልሳል፦ 0 ከሆነ ሰላም ነው፣ 4 ከሆነ የሰጠነው ነገር ልክ አይደለም ማለት ነው። ቁጥሩን በየጥሪው አይቼ ወደ ፓይተን ስህተት እቀይረዋለሁ። አጥፍቶ አለማየት ግን ከመሞቱም ይብሳል፤ የተሳሳተ ወለድ በእህታችን እጅ ይገባል።

ሁለቱን የሚያገናኘው ሲታይፕስ ደግሞ ካልነገሩት የሚመለሰውን ሁሉ ተራ ሙሉ ቁጥር ያደርገዋል። ነጥብ ያለው ቁጥር እርባና ቢስ ሆኖ ይመጣል፤ በ64 ቢት ኮምፒውተር የማስታወሻ አድራሻም ግማሹ ሊቆረጥ ይችላል። ግማሽ ስልክ ቁጥር ይዞ አገር ቤት እንደመደወል በሉት። ስለዚህ የየፈንክሽኑን ገቢና ወጪ ዓይነት አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን እጽፋለሁ።

ለሲ የምናውሰውን የፓይተን ፈንክሽንም ሥራው እስኪያልቅ በስም እይዘዋለሁ፤ አለዚያ ፓይተን «ባለቤት የለውም» ብሎ ይጠርገዋል። መጨረሻ ላይ፣ ስህተት ቢመጣም ባይመጣም፣ ፈላጊው የያዘውን ማስታወሻ በፋይናሊ ውስጥ አስለቅቃለሁ፤ ሲ የራሱን ዕቃ አያነሳም።

ብድር ያለባችሁ እህቶች ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ በእጃችሁ የገባው ብር፣ የወር ክፍያው፣ የወሩ ብዛት። ደላላው የነገራችሁን በመቶ አያስፈልገኝም።