ቤትና ሥራ አይለያዩ

የከተማ ሕዝብ መብዛት ስላመጣው ችግር በየጊዜው ሲነገር እንሰማለን። እኔም እንደ አንድ የመንግሥት ሠራተኛና እንደ አንድ ተከራይ የታዘብሁትን ለአንባቢዎች ላቀርብ እወዳለሁ።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማሩን መምህር፥ የበላተኛውን ቍጥር ያላወቀ ሰው እንጀራ ለማካፈል አይነሣ ይሉን ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪ በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ አገር አቀፍ ቈጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ግን 2.7 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። በ23 ዓመት ውስጥ እጥፍ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነበር። ቤቱ፥ መንገዱና የውሃው ቧንቧ በዚሁ ልክ ስላላደጉ ጭንቁ ድንገት የመጣ አይባልም።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን የቤት ኪራይ ተቀንሶ ብዙ ድኻ ተጠቀመ። ነገር ግን በዚያ ኪራይ ቤቶቹን ማደስ እንኳ አስቸገረ፤ የሚከራይ ቤት የሚሠራ ባለገንዘብም ጠፋ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ኮንዶሚኒየም ማሠራቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም በ2005 ዓ.ም. ቤት ፈልጎ የተመዘገበው ሰው ከ900,000 በላይ ነበር፤ ብዙዎቹ ቤቶችም የተሠሩት ባዶ መሬት በተገኘበት በከተማው ዳር ነው።

እኔ ተከራይቼ የምኖረው ከነዚሁ ሰፈሮች በአንዱ፥ በየካ አባዶ ነው። መሥሪያ ቤቴ አራት ኪሎ ስለ ሆነ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት እነሣለሁ። የአራት ዓመት ልጄን ተኝታ ትቻት እወጣለሁ፤ ማታም ተኝታ አገኛታለሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ መደንገጉ ለእንደኔ ያለው ትልቅ ዕረፍት ነው፤ መንገዱን ግን አላሳጠረልኝም።

የሐዋሳ ነገር ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት ብዙ ሺሕ ወጣት ሴቶች ሥራ አገኙ፤ ማደሪያ አብሮ ስላልተሠራ ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል እየተዳበሉ ለመኖር ተገደዱ።

ባለፈው ወር አናጢ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ከአዲግራት ስልክ ደውሎ ወደ እኔ ይመጣ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። «አትምጣ» ለማለት አልደፈርሁም፤ እኔም እንጀራ ፍለጋ የመጣሁ ነኝና። መኝታው በእኛው ክፍል ወለል ላይ እንደሚሆን ብቻ ነገርሁት። እርሱም የማይቋረጥ መብራትና ለእንጨት መግዣ የሚሆን ብድር ቢያገኝ ከአገሩ ባልወጣ ነበር ሲል መለሰልኝ።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ሦስት ነገር ቢያስቡበት መልካም ነው። አንደኛ፥ የመኖሪያ ሰፈር ሲታቀድ ትምህርት ቤት፥ ሐኪም ቤት፥ ገበያና አውቶቡስ አብረው ይታቀዱ፤ መሥሪያ ቤቶችም በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ይክፈቱ። ሁለተኛ፥ ፋብሪካ ሲተከል የሠራተኛው ማደሪያ አስቀድሞ ይታሰብ። ሦስተኛ፥ በትናንሽ ከተሞች መብራት፥ ውሃና ብድር ይስፋፋ። ወደ ከተማ የሚመጣውን ወገን በር ዘግቶ መመለስ አይቻልም፤ አይገባምም። በአገሩ ሠርቶ ለመኖር ለሚወደው ግን መንገዱን ማቅናት ይቻላል፤ ከወንድሜ ጋራ ሥራ የተማሩ ብዙ አናጢዎችም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።