ተዋናይ ለመሆን የሚጻፍ ወረቀት

በአሜሪካ አገር ተዋናይ ሥራ የሚፈልግለት ወኪል አለው። ለዚያ ወኪል የሚሰጠውም ከፎቶግራፉ ጀርባ የምትያያዝ አንዲት ገጽ ብቻ ነች። በእኛ አገር ወኪል ገና ብዙ ያልተለመደ ስለ ሆነ ወረቀቱን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ አዘጋጁ ራሱ ነው።

እኔ በእንጅባራ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ አዲስ አበባ ለሚገኝ የፊልም አዘጋጅ የሚልከውን ጽሑፍ እንዳርምለት አመጣልኝ። ሦስት ገጽ ነው። ታታሪና ሰው አክባሪ መሆኑን፣ የኮምፒዩተር ሥልጠና መውሰዱን ይዘረዝራል፤ ዕድሜውና ቁመቱ ግን የሉም። ለቀበሌ ጸሐፊነት ቢሆን ኖሮ ሳይቀጠር አይቀርም ነበር!

አዘጋጅ የሚፈልገው የትያትሩን ስም፣ የተጫወቱትን ገጸ ባሕርይ፣ ቦታውንና ዓመቱን ነው። የትምህርት ቤት ክበብ ትያትርም ቢሆን አያሳፍርም፤ ይጻፍ። ያልተጫወቱትን መጻፍ ግን መዘዝ አለው፤ የትያትር ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል።

እኔን ይበልጥ የቆጨኝ ልጁ ሳይጽፍ የተወው ነገር ነው። አዊኛንና አማርኛን እኩል ይናገራል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይም ከአባቱ ጋር ይጋልባል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን የሚያስብ ነው። ታዲያ ስለ ዓድዋ ፊልም ልሥራ የሚል ሰው ከእንዲህ ያለው ልጅ ሌላ ማንን ይፈልጋል?

«ባላገር ይሉኛል ብዬ ነው» አለኝ። ይህ አሳብ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አናደደኝ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ፊቱ አልታየንም፤ የጎጃምን ባላገር ግን በድምፁ ብቻ አቁሞ አሳይቶናል። ስለዚህ ልጁ ድምፁንም በስልክ ቀድቶ አብሮ እንዲልክ አደረግሁ።

አሁን ጽሑፉ አንድ ገጽ ሆኗል። በጉርዱ ፎቶግራፍ ፋንታ ሁለት አነሣነው፤ አንዱ ፊቱን በቀን ብርሃን፣ ሁለተኛው ሙሉ ቁመቱን የሚያሳይ ነው። «ልዩ ችሎታ» ከሚለው ሥር አዊኛና ፈረስ ግልቢያ ገብተዋል። አባቱ እርሻውን ጥሎ ይሄዳል ብለው ስለሚሰጉ እስካሁን አልተነገራቸውም። አዘጋጁ የጠራው እንደ ሆነ እኔና እርሱ አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን።