ሪቨርቡ ሲያጉረመርም

የእቁብ ዕጣ ሲደርሰኝ እዚሁ ሆሎዌይ የገዛሁት ባለቫልቭ የጊታር አምፕሊፋየር፣ ዕድሜው ከስደቴ ይበልጣል። የሪቨርቡን ቁልፍ ከፍ ባደረግሁ ቁጥር እንደ ሐምሌ ሰማይ ያጉረመርም ጀመር። ቅዳሜ ሠርግ አለብን፤ ትዝታ ደግሞ ያለ ሪቨርብ ምኑን ትዝታ ሆነ! «ቫልቮቹ ሁሉ ይለወጡ» ያለኝ ጠጋኝ የጠራው ዋጋ ከሠርጉ ክፍያ በለጠ።

ሪቨርብ ማለት በቆርቆሮ ሣጥን የተወጠሩ ሞላዎች ድምፁን አንቀጥቅጠው ሲመልሱት ነው፤ ፌንደር በ1963 እ.ኤ.አ. ከአምፕሊፋየር ጋር ያዋሐደው ዘዴ። ቁልፉን ዜሮ ሳደርገው ጸጥ አለ። ከሣጥኑ የሚመለሰውን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ነቅዬ ቁልፉን ከፍ ባደርግም ጸጥ! ቫልቮቹ ነጻ ወጡ። (ውስጡን የምትከፍቱ ወንድሞች ተጠንቀቁ፤ ከመሰኪያው ቢነቀልም ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።) ገመዱን ስመረምረው የውጭ ሽፋን ሽቦው ከጫፉ ተበጥሷል። በጥቂት ፓውንድ ሌላ ገዛሁ።

ቅዳሜ ማታ የሙሽራዋ እናት ትዝታን ሁለቴ አስደገሙን።