ኮክ፣ በረዶና የአንዲት ዘፋኝ ስም

ሠዓሊ ሸራውን፣ ቀራጺ ድንጋዩን፣ ደራሲ ወረቀቱን ትቶ ያልፋል። የወጥ ቤት ከያኒ ግን ሥራውን በጨረሰባት ቅጽበት ሥራው መጥፋት ይጀምራል። ይበላል፤ ሳህኑም ይታጠባል። ከሁሉም የከፋው ዕጣ በአይስክሬም የሚሠራው ባለሙያ ዕጣ ነው፤ በላተኛ እንኳ ቢጠፋ ጊዜ ራሱ ሥራውን ይበላበታልና። እንዲህ ባለ ተሰባሪ ነገር የተሠራ አንድ ምግብ ከመቶ ዓመት በላይ ስሙን ይዞ መዝለቁ የሚያስገርም ነው።

ምግቡ ፔሽ ሜልባ ይባላል። የተሠራው ከሦስት ነገሮች ብቻ ነው፦ በደንብ ከበሰለ ኮክ፣ ከቫኒላ አይስክሬምና ከተፈጨ ራስፕቤሪ። ራስፕቤሪ በአማርኛ እንጆሪ ከሚባሉት ወገን ነው። እንጆሪ የሚለው ቃል በደጋው አጥር ሥር የሚበቅለውን እሾሃም የዱር ፍሬም፣ ለገበያ የሚመረተውን ትልቁን ቀይ ፍሬም አንድ አድርጎ ስለሚጠራ ልዩነቱን ማመልከት ያስፈልጋል። ለዚህ ምግብ የሚሆነው የፊተኛው ዘመድ ነው፤ እሾህ ካለው ቁጥቋጦ የሚለቀም፣ ከብዙ ጥቃቅን እንክብሎች የተገጣጠመ፣ ጎምዛዛነቱ ከጣፋጭነቱ ጋር የሚታገል ፍሬ። ልዩነቱ ጥቃቅን ቢመስልም በኋላ እንደሚታየው ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል።

የታሪኩ መድረክ ለንደን ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይነበብ)። ሳቮይ ሆቴል በ1889 ሲከፈት ባለቤቱ ሪቻርድ ዶይሊ ካርት የሆቴል ሰው አልነበረም፤ የጊልበርትንና የሰሊቫንን አስቂኝ ኦፔራዎች የሚያዘጋጅ የቲያትር ሰው ነበር። ከሆቴሉ አጠገብ በ1881 ያሠራው ቲያትር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የበራ በዓለም የመጀመሪያው የሕዝብ ሕንፃ ነው። ስለዚህ ከሆቴሉ ወጥ ቤት የወጣው ምግብ የመድረክ ጠረን ቢኖረው አያስደንቅም። ወጥ ቤቱን ከ1890 ጀምሮ የመራው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ በ1846 የተወለደ የአንጥረኛ ልጅ ነው። በ13 ዓመቱ ኒስ ከተማ ባለው የአጎቱ ምግብ ቤት ሥራ ጀመረ፤ በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት የሠራዊት ወጥ ቤት ሆኖ ዘመተ። ጩኸትና ስድብ የሞላበትን የዘመኑን ወጥ ቤት በሥራ ክፍፍል ያደራጀው፣ እያንዳንዱን ሠራተኛ ከአንድ የሥራ ዘርፍ ጋር ያስተሳሰረው እርሱ ነው።

ከሳቮይ ወደ ኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት በእግር ጥቂት ደቂቃ ያስኬዳል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዚያ መድረክ ከነገሡት ድምፆች አንዱ የኔሊ ሜልባ ነበር። ሜልባ የትውልድ ስሟ አይደለም። በ1861 አውስትራሊያ ውስጥ ከስኮትላንዳዊ የሕንፃ ተቋራጭ ስትወለድ ሔለን ፖርተር ሚቸል ተብላ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ማቲልድ ማርኬሲ ከተባለችው ዝነኛ የድምፅ መምህር ተምራ በ1887 ብራስልስ ላይ ከመድረክ ስትወጣ፣ ከትውልድ ከተማዋ ከሜልበርን ስም ቆርጣ ሜልባ ተባለች። እንግዲህ ምግቡ ስሙን ከሰው ተዋሰ፤ ሰውዋም ስሟን ከከተማ ተውሳ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሜልባ በዋግነር ኦፔራ በ«ሎሄንግሪን» ውስጥ ኤልሳን ሆና ትጫወት ነበር። ኤልሳ ወንድሟን ገድላለች ተብላ በሐሰት ስትከሰስ፣ ስዋን የተባለው ነጭና አንገተ ረጅም የውሃ ወፍ በሚጎትተው ጀልባ አንድ የማይታወቅ ጀግና ይደርስላታል። ያድናታል፣ ያገባታልም፤ አንድ ነገር ብቻ ይከለክላታል፤ ስሙን እንዳትጠይቀው። ትጠይቀዋለች። ጀግናውም ስሙን ተናግሮ ትቷት ይሄዳል።

ኤስኮፊዬ እንደተናገረው፣ ሜልባ ለዚህ ኦፔራ የመግቢያ ቲኬት ሰጥታው ስዋኑን በመድረክ ላይ አየ። በማግስቱ ማታ ለእርስዋና ለእንግዶቿ ያቀረበው የገበታ መዝጊያ፣ ከበረዶ ተጠርቦ የተቀረጸ ስዋን ነበር። በሁለቱ ክንፎቹ መካከል የብር ሳህን ተቀምጧል፤ በሳህኑ የቫኒላ አይስክሬም ተነጥፏል፤ በአይስክሬሙ ላይ ኮኮቹ ተደርድረዋል፤ በላዩም እንደ ሐር ክር የቀጠነ ስኳር ተጥሏል። ገና ራስፕቤሪ የለም። ስሙም ገና «የስዋን ኮክ» ነው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ይህ የመጀመሪያው ረቂቅ ከምግብነቱ ትርዒትነቱ ይበልጣል፤ ዓይንን ይሞላል እንጂ ለምላስ የጎደለው ነገር ነበረው። ጣፋጭ በጣፋጭ ላይ ተደርቦ የሚቃወመው አጥቷል። ቲያትር የሚያውቅ ሁሉ እንደሚገነዘበው፣ ግጭት የሌለበት ትዕይንት ምንም ቢያብረቀርቅ ቶሎ ያደክማል።

ሜልባ በ1925 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ ታሪኩን በሌላ መንገድ ትተርከዋለች። በእርስዋ አተራረክ እንግዳም ስዋንም የለም። ሳቮይ ውስጥ ብቻዋን ምሳ ስትበላ ይህ ምግብ ይቀርብላታል፤ ቀምሳ ትደሰትና ስሙ ማን ነው ብላ ትልካለች፤ ኤስኮፊዬም ስም የለውም፣ በእመቤቲቱ ስም ይጠራ ዘንድ ይፈቀድልኝ ይላል። ከሁለቱ ትረካዎች የትኛው ይበልጥ እውነት እንደሆነ መፍረድ አያስፈልግ ይሆናል። ይሁንና የኤልሳን ሚና ስትጫወት የኖረች ሴት፣ በራስዋ ትረካ ውስጥ ስም ጠያቂ ሆና መገኘቷ ልብ የሚባል ነው። ይህች ኤልሳ ስም ጠይቃ አልተቀጣችም፤ የራስዋ ስም ተመለሰላት።

ምግቡ የተሟላው ኤስኮፊዬና የሳቮይ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሴዛር ሪትዝ በ1899 በተከፈተው በካርልተን ሆቴል ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው። ከሳቮይ የወጡት በክብር አልነበረም። በመጋቢት 1898 ተባረሩ፤ ኤስኮፊዬም ከዕቃ አቅራቢዎች ድብቅ ጉርሻ መቀበሉን አምኖ በ1900 ፈርሟል። ሰነዱ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ ቆየ። ታላቅ ጥበብና ጎደሎ ምግባር በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሲያድሩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ያም ሆነ ይህ፣ የበረዶው ስዋን ቀርቶ የራስፕቤሪው መረቅ የገባው በካርልተን ነው። ትርዒቱ ተቀነሰ፤ ግጭቱ ተጨመረ። ያን ጊዜ ምግቡ ምግብ ሆነ።

አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። ኮኩ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ በፈላ ውሃ ይነከርና ወዲያው ወደ በረዶ ውሃ ይዛወራል፤ ልጣጩ እንደ ልብስ ይወልቃል። ስኳር ይነሰነስበትና ይቀመጣል። ራስፕቤሪው በወንፊት ታሽቶ ፍሬው ተለይቶ ከደቃቅ ስኳር ጋር ይዋሐዳል። አይስክሬሙ ከወተት፣ ከእንቁላል አስኳል፣ ከስኳርና ከቫኒላ ተሠርቶ የረጋ ነው። ሚስጥሩ ያለው በፍሬው ላይ ነው። ጥሬ ኮክ ይህን ምግብ ይገድለዋል፤ የትኛውም ስኳር አያድነውም። ኤስኮፊዬ ይህን አሠራር ከ5000 በላይ የምግብ አሠራሮችን በያዘው፣ በ1903 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል።

ከዚያ በኋላ ግን የደራሲ ሁሉ ሐዘን ደረሰበት። ምግቡ በየሆቴሉ ሲዛመት በራስፕቤሪው ፋንታ የስትሮቤሪ ማርማላታ የሚያፈስ፣ መረቁን በዱቄት የሚያወፍር፣ ላዩን በተመታ ክሬም የሚሸፍን በዛ። ሽማግሌው ወጥ ቤት አጥብቆ ተቃወመ፤ ምግቡ ሦስት ነገሮች ብቻ መሆኑን፣ አንዱ ሲለወጥ ሚዛኑ እንደሚፈርስ ጻፈ። የተውኔቱን ቃለ ተውኔት ተዋናዩ በመድረክ ላይ እንዳሻው ሲለውጠው ከአዳራሹ ጀርባ ቆሞ የሰማ ጸሐፌ ተውኔት የዚህን ሰው ቁጣ ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም። ልዩነቱ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ የሚማጠነው የደራሲነት መብት ሕግ አለው፤ ወጥ ቤቱ አልነበረውም።

ነገሩን በሁለቱ ስሞች ብቻ መጨረስ ግን ግማሹን ታሪክ መተው ይሆናል። በብር ሳህን የቀረበው ኮክ ያለ ሌሎች እጆች አልደረሰም። ከፓሪስ በስተምሥራቅ የምትገኘው የሞንትረይ አትክልተኞች ዝነኛ ኮካቸውን ያበቀሉት፣ ዛፉን ከግንብ ጋር አስጠግተው ቅርንጫፉን በማሰር ነበር፤ ግንቡ ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል። በረዶም ቢሆን በዚያ ዘመን ለንደን በብዛት የሚደርሰው ከኖርዌይ ሐይቆች ተሰንጥቆ፣ በመርከብ ተጭኖ ነበር። ካርሎ ጋቲ የተባለው ከስዊዘርላንድ የመጣ ነጋዴ በከተማዋ ቦይ ዳር ያስቆፈረው የበረዶ ጉድጓድ ዛሬም አለ፤ የለንደን የቦይ ሙዚየም በላዩ ይገኛል። አይስክሬም ለማርጋት በረዶ ብቻውን አይበቃም፤ ጨው ሲደባለቅበት ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በዚያ ድብልቅ ውስጥ የተቀመጠውን ጣሳ ሲያዞሩ የዋሉትን ወጣቶች ስም ማንም አልመዘገበም።

አንድ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ካርልተን ሆቴል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተጎድቶ ኋላም ፈርሷል፤ በሥፍራው በተሠራው ሕንፃ ግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ፣ የዘመናዊት ቬትናም መሥራች ሆ ቺ ሚን በ1913 በዚያ ሆቴል ውስጥ ሠርቷል ይላል። ያን ጊዜ የወጥ ቤቱ አዛዥ ኤስኮፊዬ ነበር። ይህ አዛዥ በ1910 ድህነትን በመረዳጃ ማኅበር ስለማጥፋት አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሞ እንደነበረ ሲታሰብ፣ ሁለቱ ሰዎች ስለ ድህነት ቢነጋገሩ ኖሮ ምን ይባባሉ ነበር ያሰኛል።

ስለ አበላሉም አንድ ቃል። ማንኪያው ወደ ሳህኑ ከመውረዱ በፊት ጥቂት መታገሥ ይበጃል፤ አይስክሬሙ ከጠርዙ መላላት ሲጀምርና ከቀዩ መረቅ ጋር ሲገናኝ ጽጌረዳማ መስመር ይሠራል። የመጀመሪያው ጉርሻ ሦስቱንም መያዝ አለበት። ቅዝቃዜው ይቀድማል፤ ከዚያ የኮኩ ለስላሳ ሥጋ ይደርሳል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ሊያስተኙት የነበረውን ምላስ ራስፕቤሪው ይቀሰቅሰዋል። ከመጠን በላይ የታገሠ ሾርባ ይጠጣል።

ሜልባ በሰኔ 8 ቀን 1926 በ65 ዓመቷ ኮቨንት ጋርደንን ተሰናበተች፤ የዚያን ማታ ድምፅዋ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተቀርጾ ዛሬም ይደመጣል። በ1931 እርስዋ፣ በ1935 እርሱ አረፉ። ከ1996 ጀምሮ ምስሏ በአውስትራሊያ የ100 ዶላር ኖት ላይ አለ። ኤልሳን ሆና ስትዘፍን የሰማት ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ኮክ በሚበስልበት ወራት ግን በየአገሩ ወጥ ቤቶች ትእዛዝ ተቀባዩ ስሟን እየጠራ ይገባል፤ ማን እንደነበረች ሳያውቅ።