በሞቴ የማይባልበት ቦታ

ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጥር ብርድ። ሰሌዳው ላይ የበረራው ሰዓት ለአራተኛ ጊዜ ተቀየረ።

ነጠላ የደረቡ አንዲት እናት የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ከመሳፈሪያው በር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከአዲስ አበባ ተነስተው እዚህ የደረሱት ገና ሳይነጋ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚወስዳቸው አውሮፕላን በቀን 7 ሰዓት መነሳት ነበረበት። 9 ሰዓት ተባለ። ቀጥሎ 11፣ ቀጥሎ ማታ 1፣ አሁን ደግሞ 3 ሰዓት። ሰሌዳው 13፣ 15፣ 17 እያለ ይቆጥራል፤ የእሳቸው የእጅ ሰዓት ደግሞ አሁንም የአዲስ አበባን ጊዜ እንደያዘ ነው። መዘግየቱን ያወቁት ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሲያጉረመርሙ አይተው ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መጠበቅ ለእሳቸው ምንም አይደለም። ዕድሜውን በቀበሌ ወረፋ የጨረሰ ሰው፣ ወንበርና ማሞቂያ ያለበት ቦታ መጠበቅ አይከብደውም። ዛሬ ግን ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው ቀኗ ደርሷል። የበኩር ልጇን የወለደችው ኮሮና መንገዱን ሁሉ በዘጋበት ጊዜ ነው፤ ያለ እናት፣ ገንፎውን ባሏ ከዩቲዩብ እየተማረ እያገነፋላት። "ይሄኛውን ግን ብቻዬን አልወልድም" ብላለች። እናትም "እደርስልሻለሁ" ብለው ቃል ገብተዋል። ሻንጣቸው ውስጥ የገንፎው ዱቄት፣ በሶው፣ በርበሬው ተሰናድቷል።

አውሮፕላን ላይ ከቀመሷት ቁርስ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም። ካፌው አጠገባቸው ነው፤ ዩሮ ግን የላቸውም፣ ቋንቋውም የለም። ሰዎች ወደ አየር መንገዱ ባንኮኒ ሄደው ትንሽ ወረቀት ተቀብለው ሲመለሱ፣ በወረቀቷም ሳንድዊችና ሻይ ሲወስዱ አይተዋል። "ለእነሱ የተፈቀደ ይሆናል" አሉ በሆዳቸው። ተነስቶ መጠየቅ? ምን ይሉኛል!

የጽዳት ጋሪ የሚገፋ አንድ ወጣት ነጠላቸውን አይቶ ቆመ። ኤርትራዊ ነው፤ አማርኛውን ትግርኛ ትግርኛ በሚል ቅላጼ ይናገራል።

"አደይ፣ ምግብ በልተዋል?"

"አልራበኝም ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

የሀበሻ መልስ ነው። እሱም ሀበሻ ነውና አላመናቸውም። ስልካቸውን ተቀብሎ ከነፃው ዋይፋይ ጋር አገናኘላቸው። ከዚያ ቦርሳቸውን አንስቶ ወደ ባንኮኒው ይዟቸው ሄደ። "ይሄ ልመና አይደለም አደይ፤ መብትዎ ነው" አላቸው።

እውነቱን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 የሚባል ሕግ አለ፤ ከ2005 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ከኅብረቱ አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳን ማንኛውንም በረራ ይመለከታል፤ የየትኛው አገር አየር መንገድ ነው፣ ተሳፋሪውስ የየት አገር ሰው ነው ብሎ አይለይም። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ በረራ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ አየር መንገዱ ምግብና መጠጥ ያቀርባል፣ ሁለት ጊዜ በነፃ ስልክ ያስደውላል። ጉዞው ለነገ ከተላለፈም ሆቴልና እስከዚያ ድረስ ማመላለሻ ያዘጋጃል። እኚህ እናት ይሄ ሁሉ የሚገባቸው ሆኖ ሳለ ቀኑን ሙሉ ጦማቸውን ዋሉ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በረራው ተሰረዘ። ፍራንክፈርት ውስጥ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አይነሳም፣ አያርፍም፤ ለአካባቢው ነዋሪ እንቅልፍ ሲባል የተከለከለ ነው። ጥገናው ከዚያች ሰዓት ካለፈ፣ ማደር የግድ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር ተገለጠ። በአንድ በረራ፣ በአንድ ብልሽት የተያዙ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ፓስፖርታቸውን አሳይተው ወደ ሆቴል የሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ ገቡ። የእናታችን ፓስፖርት ግን ኢትዮጵያዊ ነው። ኢትዮጵያ ዜጎቿ በአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። የጸና የአሜሪካ ቪዛ የያዘ ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ነፃነቱ ግን እዚያው ውስጥ ለመጠበቅ እንጂ ወደ ከተማ ለመውጣት አይደለም። የድንበር ፖሊስ በልዩ ሁኔታ የመግቢያ ቪዛ ሊሰጥ ይችላል፤ ሆኖም በፖሊሱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነገር በእኩለ ሌሊት ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ለእሳቸው ታጣፊ አልጋና ብርድ ልብስ መጣላቸው።

ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ጠየቃቸው። "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" አለ፤ የደም ግፊት። የት ነው? ሻንጣ ውስጥ። ሻንጣው የት ነው? ከአውሮፕላኑ ጋር። ይሄንንም ያልተናገሩት ሰው ላለማስቸገር ነው። ልጁ ለባንኮኒዋ ሠራተኛ ነግሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ክሊኒክ ተወሰዱ፣ ኪኒኑም ተገኘ። ባይጠይቅስ ኖሮ?

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሜሪላንድ ገና ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። አማቻቸው ስልኩን ከምጥ አልጋው አጠገብ ያዘላቸው፤ እሳቸው ፍራንክፈርት፣ ታጣፊ አልጋ ላይ ተቀምጠው "ማርያም፣ ማርያም" አሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ያን ጊዜ ይሉኝታቸው የት እንደገባ አልታወቀም። እልልታቸውን አቀለጡት። አጠገባቸው የተኙ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ አደጋ የደረሰ መስሏቸው ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ" አሉ። ከዚያ ስልኩን ዘግተው አለቀሱ። ሲወለድ አልደረሱም።

ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም። አገር ቤት የሚሠራው ግን ሁለት ሰው ስላለበት ነው። እንግዳው "በቃኝ" ይላል፣ ባለቤቷ "በሞቴ! አፈር ስሆን!" ብላ ታጎርሳለች። ዝም ያለውን ሰው የሚያስተውል ሌላ ሰው ስላለ ዝምታ አያስርብም። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በሞቴ የሚል የለም። እዚያ ሕጉ ተጽፏል፣ ምግቡም ተዘጋጅቷል፤ የሚደርሰው ግን ተነስቶ ለጠየቀ ነው። ዝም ያለውን ጨዋ ነው ብሎ የሚያመሰግነው የለም፤ ጠግቧል ብለው ያልፉታል።

ስለዚህ እናት አባት ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ሻንጣ ከማሰር ጎን ለጎን ይሄንን ያስብ። መድኃኒትና ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ። ጥቂት ዩሮ ወይም ዶላር ከኪስ። የልጅ ስልክና "በረራዬ ዘግይቷል፣ ምግብና ማደሪያ እፈልጋለሁ" የሚል ቃል በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት። የመሳፈሪያ ካርዱ ደግሞ አይጣል፤ ለክስም ለክፍያም ማስረጃ ነው።

ክፍያ አለ ማለት ነው? አዎ። የአየር ጠባይን በመሰለ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ረጅም በረራ መሰረዝ ካሳው 600 ዩሮ ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2008 እንደወሰነው ተራ የቴክኒክ ብልሽት ሰበብ አይሆንም። አማቻቸው ቅጹን ሞልቶ ላከ፤ ከወራት በኋላ ገንዘቡ ገባ። እናት ሲነገራቸው "ደግ ነው፣ ለልጁ ክርስትና ይሁን" አሉ። ስለዚያች ሌሊት ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ስድስት ወር አርሰው ሲመለሱ እዚያው ፍራንክፈርት በረራው ዘገየ። አራት ሰዓት እንዳለፈ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረቀታቸውን ይዘው ባንኮኒው ፊት ቆሙ። ኩፖናቸውን ተቀብለው ሲዞሩ፣ ጥግ ላይ አንዲት ሀበሻ ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

"በልተሻል እህቴ?"

"አልራበኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

"ተነሺ" አሏት እጇን ይዘው። "በሞቴ ተነሺ።"